ኬፕታውን ላይ ፕሮግራም የሚያወጣው ንፋሱ ነው

ኬፕታውን ውስጥ ለአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት እሠራለሁ። መኪና እየነዳሁ አስጎበኛለሁ። አብዛኞቹ እንግዶቼ ፈረንጆች ናቸው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን አልፎ አልፎ ሐበሻ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቢሮው ለእኔ ይሰጠኛል።

ባለፈው በጋ አንዲት እናት ከአሜሪካ መጣች። አባቷና ሁለት ልጆቿ አብረዋት ነበሩ። አባትየው ጡረታ የወጡ የፖሊስ ሻለቃ ናቸው። ፕሮግራሙን እሷው አውጥታ፣ ከፍላ፣ አስቀድማ ልካለች። መጀመሪያ ዋተርፍሮንት መዞርና ገበያ። ቀጥሎ ቦልደርስ የባሕር ዳርቻ ላይ ፔንግዊን፣ ከዚያ ኬፕ ፖይንት። ከዚያ የወይን እርሻዎች። ቴብል ማውንቴን የሚባለው ተራራና ማንዴላ ታስሮበት የነበረው ሮበን ደሴት ለመጨረሻው ቀን ተቀምጠዋል። ዋናውን መጨረሻ ላይ እናየዋለን ብላ ነው።

ወረቀቱን ሳየው ደስ አላለኝም። እዚህ በጋ ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣ ኃይለኛ ንፋስ አለ። ነዋሪው ኬፕ ዶክተር ይለዋል። አንዴ ከተነሣ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና እንደ ነጠላ ጣል ይልበታል። ሲያዩት ያምራል፣ ግን በገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ አናቱ የሚያወጣው ኬብል ካር ይቆማል። ባሕሩ ሲናወጥ ደግሞ የሮበን ደሴት ጀልባ ይሰረዛል። ፔንግዊኖቹ የትም አይሄዱም። የወይኑ እርሻም እዚያው ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቢሮ ደውዬ ዛሬ ተራራውን ላውጣቸው አልኩ። ኬብል ካሩ እኮ 65 ሰው ይዞ፣ እየዞረ፣ በአምስት ደቂቃ ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደርሳል። ከሰዓት በኋላ ገበያውም ይደርሳል። መልሱ ግን «ደንበኛዋ የከፈለችበትን ፕሮግራም አትንካ» ሆነ። ለእሷም ነገርኳት። «ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ቀስ ብለን እንጀምር» አለችኝ። ዋተርፍሮንት ዋልን።

በማግሥቱ በቻፕማንስ ፒክ መንገድ ወረድን። 114 ኩርባ ያለው፣ ከገደሉ ተፈልፍሎ የተሠራ መንገድ ነው። ባሕሩ ከሥር ይታያል። ለፎቶ ስንቆም ሻለቃ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ደሴቱ ከዚህ ይታያል?»

«አይታይም ሻለቃ። በወዲያኛው በኩል ነው።»

ከዚያ ቀስ እያሉ አወሩኝ። ያገለገሉት ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ማንዴላ የውትድርና ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነበር። ኃላፊነቱ የኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበር። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ሳለ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ድርጅቱ ኤ.ኤን.ሲ. አገርህ ግባ ብሎ ጠራው። ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ዓመት ነሐሴ 5 ቀን እ.ኤ.አ. ተያዘ። ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈው ሮበን ደሴት ነው። ሻለቃ ኮልፌ የገቡት እሱ ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ የቀደሟቸው ፖሊሶች ግን ስለዚያ ረጅም እንግዳ ያወሩላቸው ነበር። ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ለደሴቱ ብለው ነው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ንፋሱ ሌሊቱን ሲያፏጭ አድሮ ጠዋት ላይ ኬብል ካሩም ጀልባውም ተሰረዙ። እናትየዋ ቢሮው ላይ ተቆጣች። አባቷ የመጡት ለደሴቱ ብለው እንደሆነ ሲነግሯት ግን ድንጋጤዋ ባሰ።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጆቹ ፔንግዊን ፔንግዊን ሲሉ እኔ ምን ልበል?»

ቀኑ ባዶውን እንዳይቀር ወደ መሐል ከተማ ወሰድኳቸው። የማዘጋጃ ቤቱን በረንዳ አየን። የካቲት 11 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. ማንዴላ ከእስር በወጣበት ዕለት ለሕዝቡ የተናገረው ከዚያ ላይ ነው፤ አሁን ሐውልቱ ቆሞበታል። ቀጥለን ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ገባን። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1966 ለነጮች ብቻ ተብሎ ታወጀና ከ60,000 በላይ ሰው ተነቅሎ ወጣ። ሙዚየሙ ወለል ላይ የሰፈሩ ትልቅ ካርታ አለ። ተፈናቃዮቹ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ እየፈለጉ ስማቸውን ጽፈውበታል። ልጆቹ ተንበርክከው አንድ በአንድ ያነቡ ጀመር። እኔ በግሌ ኬፕታውን የመጣ ሰው ይህን ቤት ሳያይ እንዲሄድ አልፈልግም። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ ግን የለም።

በረራቸው በማግሥቱ ማታ ስለነበር የጠዋቱን የመጀመሪያ ጀልባ እንዲይዙልን ቢሮውን ወተወትኩ። ሌሊት ንፋሱ በረደ። እኔም ለማስተርጎም አብሬ ተሳፈርኩ። እስር ቤቱን ያስጎበኙን እዚያው ታስረው የነበሩ ሰው ናቸው። የማንዴላ ክፍል ጋ ስንደርስ ሻለቃ በብረቱ በኩል ለረጅም ጊዜ አዩ። ስስ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ባልዲ። ከዚያ ለአስጎብኚው ስለ ኮልፌ ነገሯቸው። እሳቸውም ሌላውን ሰው አስቀድመው ሸኙና ቦታው ምን ይመስላል ብለው ጠየቁ። ሻለቃ የክረምቱን ጭቃ፣ ብርዱን፣ ሸክም ተሸክሞ ረጅም ጉዞውን ተረኩላቸው። እኔ መሐል ቆሜ አስተረጎምኩ። የሁለቱም ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተራራው ላይ ሳይወጡ ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት አለቃዬን ቁጭ ብለን እናውራ አልኩት፤ ሰማኝ። አሁን ተራራውና ደሴቱ የሚያዙት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ንፋስ ካለ ሾፌሩ ቢሮ ሳይጠይቅ ቀኑን ያቀያይራል። ፎርሙ ላይም አንድ ጥያቄ ጨመርን፤ የሚሞላው የከፈለው ሰው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ተጓዥ ነው፦ አንድ ቦታ ብቻ ማየት ቢችሉ የትን ይመርጣሉ? በቅርቡ አንድ አዛውንት «ሁለቱ ውቅያኖሶች የሚገናኙበትን» ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ያ ቦታ ኬፕ ፖይንት ይመስለዋል። ትክክለኛው ግን የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የሆነው ኬፕ አጉላስ ነው፤ በመኪና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመጡ በማግሥቱ ንፋሱ ተነሣና ኬብል ካሩ ተዘጋ። እኛ በጠዋት ወደ አጉላስ መንገድ ጀመርን።