«ስምዎን ይንገሩኝ»፦ ደም ከመውሰድዎ በፊት

ደም መውሰድ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረስን ነው። ለእነሱ ደሙ አስቀድሞ ይመረመራል። ከዚያ በኋላም የሚቀር አደጋ አለ፤ ለአንዱ የተዘጋጀ ከረጢት ለሌላው መሰቀል። የደም ዓይነቱ ኦ ለሆነ ሰው የኤ ደም ቢሰጠው፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር እንኳ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በሰውነቱ ያለው ፀረ እንግዳ አካል የገባውን ቀይ የደም ሴል ያፈነዳል፤ ኩላሊትም ይጎዳል።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል። ነርሷ «አቶ ተስፋዬ ነዎት?» ብላ ስትጠይቅ የደከመ ወይም በደንብ ያልሰማ ሰው «አዎ» ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» የሚለው ነው። ካልተጠየቁም እርስዎ ራስዎ የራስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ይናገሩ። በአንድ ክፍል ሁለት ተስፋዬ ከበደ መተኛታቸው ብርቅ አይደለም፤ ቤት የሚጠሩበት ስም ካርድ ላይ ካለው የሚለይም አለ። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩም ይመሳከር። ታካሚው ሕፃን ከሆነ ወይም ራሱን ካላወቀ አስታማሚው ይናገርለት።

ይህ ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ ናሙና ሲቀዳና ከረጢቱ ሲሰቀል። ናሙናው የተቀዳበት ብልቃጥ ስም የሚጻፍበት እዚያው አልጋዎ አጠገብ ነው። ሳይጻፍበት ከክፍሉ ሲወጣ ካዩ «እዚሁ ይጻፍልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

ቀደም ሲል ደም ወስደው ከሆነ፣ ያኔ አንቀጥቅጦዎት ወይም አሳክኮዎት ከነበረ፣ እርግዝና ወይም ውርጃ ካለ፣ የሾተላይ መርፌ ከተወጉ ናሙናው ሳይቀዳ ይናገሩ። ይህን ማወቁ ላብራቶሪው ደሙን ሲያመሳክር የሚፈልገውን ነገር ይለውጣል።

ደሙን ከላብራቶሪ የሚያመጣው አስታማሚ ከሆነ መንገድ ላይ አይቆይ። «ይሙቅ» ተብሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረ ደም ሴሉ ይፈነዳል። ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መሰቀል፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ባክቴሪያ የመራባት ዕድሉ ይጨምራል። በደሙ መስመር ከኖርማል ሳላይን (በደም ሥር ከሚሰጠው የጨው ውሃ) ሌላ፣ ግሉኮስም ሆነ መድኃኒት፣ አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከሁሉም ይከብዳሉ። ደሙ በዝግታ ይጀመር፣ ሰው ከአጠገብ አይራቅ፣ ሙቀት፣ የልብ ምትና ግፊት ከመጀመሩ በፊትና በ15ኛው ደቂቃ ይለካ። ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የወገብ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማሳከክ፣ መርፌው በገባበት ክንድ ላይ መቆጥቆጥ፣ «አንድ ነገር ልሆን ነው» የሚል ድንገተኛ ፍርሃት፦ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ወዲያው ነርስ ይጥሩ። እዚህ ላይ የምናየው የተለመደ ስህተት ለሚንቀጠቀጠው ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ደሙን መቀጠል ነው። ደሙ መጀመሪያ ይቁም። መርፌው ግን አይነቀል፣ ለሕክምና ያስፈልጋል፤ በአዲስ መስመር ኖርማል ሳላይን ይቀጠልበታል። ከረጢቱም አይጣል፣ ከአዲስ ናሙና ጋር ወደ ላብራቶሪ ይመለሳል።

ቤት ከገቡም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ከያዘዎት ተመልሰው ይምጡና፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎት፣ ደም የወሰዱበትን ቀን ይንገሩት።