የወለቃ ሸክላና ቅዳሜ ገበያ

አያቴ ሸክላ የምትገዛው ቀን መርጣ ነበር። የጎንደር ትልቁ ገበያ ስሙ ራሱ ቅዳሜ ገበያ ነው። እሷ ግን ምጣድ ሲሰበርባት ቅዳሜን አትጠብቅም። «ቅዳሜማ እነሱ አይወጡም» ትለን ነበር። እነሱ የምትላቸው የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆኑትን የወለቃ ቤተ እስራኤሎችን ነው።

ይህ ነገር ያኔ ምንም አይመስለኝም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይገርመኛል። አገር ምድሩ በሚወጣበት ቀን፣ ገጠሬው እህሉን ሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ቀን ቤት መቀመጥ ለሻጭ ምን ማለት እንደሆነ ገበያ የዋለ ያውቀዋል። እነሱ ግን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ያጠፋሉ፤ ሰንበት እስኪወጣ መንገድ የለም፣ መሸጥ መለወጥ የለም። ይህንን ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ዓመት ሳይሆን በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ነው የጠበቁት።

ወለቃን የማያውቅ ካለ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። ዛሬ ከተማው ሊውጣት ደርሷል። ጣሪያዋ ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያለባት ትንሽ ጎጆ አሁንም አለች፤ የጸሎት ቤታቸው ናት። እነሱ መስጊድ ይሏታል፤ «ሰገደ» ከሚለው የመጣ ቃል ነው።

ጎንደር ውስጥ ነጋዴ ሲባል ቶሎ የሚታወሱን የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሞች ናቸው። ሩቅ አገር ሄዶ ሸቀጥ የሚያመላልሰው በአብዛኛው እነሱ ነበሩ። የቤተ እስራኤል ንግድ ሌላ ነው። እጃቸው የሠራውን ነው የሚሸጡት። ወንዱ ወናፉን እየነፋ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል። ሴቷ ጭቃ ታቦካለች።

ለምን እደ ጥበብ ላይ ወደቁ? መሬት ስላልነበራቸው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» ብሎ አዘዘ ይባላል፤ ፈላሲ ማለት ስደተኛ ነው። ፈላሻ የሚለው ስም ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ይሆናል፤ ጭሰኝነቱ ካልበቃው በእጁ ይሠራል።

ግን ሁልጊዜም እንደተናቁ አልኖሩም። ይህን ብዙ የጎንደር ልጅ አያውቅም፣ እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ በኋላ ግንበኛና አናጢ ሆነው ቤተ መንግሥቶቹን ከሠሩት መካከል እነሱ ነበሩበት። ከነሱ ውስጥ መሬት የተሰጣቸው፣ በጅሮንድ የሚል የቤተ መንግሥት ማዕረግ እስከማግኘት የደረሱ ነበሩ። በእርግጥ በ1660 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ታዟል። ሆኖም ሥራው ነበር፣ ክብሩም ከሥራው ጋር ነበር። ዘመነ መሳፍንት መጥቶ ነገሥታቱ ሲደክሙ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ። ግንበኛው መዶሻውን ይዞ ወደ ብረት፣ ሚስቱም ወደ ሸክላ አዘነበሉ። ንቀቱም አብሮ ከፋ።

ቡዳ የሚባለው ነገር ያንገበግበኛል። ገበሬው ማረሻውን ከሰውየው እጅ ተቀብሎ አርሶ ይበላል፤ ማታ ደግሞ ያው ሰውዬ ጅብ ይሆናል ብሎ ለልጆቹ ያወራል። አያቴም ልጅ ሳለች እናቷ ሸክላ ሻጮቹ ጋ ሲደርሱ በነጠላዋ ትሸፍናት እንደነበር ነግራኛለች። ከሽፋኑ ውስጥ ሆና ግን ታይ ነበር። የምታስታውሰው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ጀበና የያዘች፣ ጣቶቿ የደረቀ ጭቃ ያለባቸው ሴት ነው። ሴትየዋም በበኩሏ ሰው እንዳይነካት ትጠነቀቃለች፤ ከገበያ ስትመለስ ወንዝ ወርዳ ሳትታጠብ መንደሯ አትገባም። ጎረቤቱ «አትንኩኝ» ይላቸው የነበረው ለዚህ ነው።

አያቴ ካደገች በኋላ ፍርሃቱን ትታ ደንበኛ ሆነች። ጀበናውን በጣቷ አንኳኩታ ጆሮዋን ትጥላለች። ድምፁ ጥርት ካለ ትወስዳለች፣ ድፍን ካለ ስንጥቅ አለው ብላ ትመልሳለች። ቤት አምጥታ ሳታሟሽ ቡና አታፈላበትም።

ከዚያ ወደ እስራኤል ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሱዳን በኩል የተጓዙት አሉ፤ በእግራቸው ወጥተው መንገድ ላይና በስደተኞች መጠለያው ብዙ ሺህ ሰው ሞቶ ቀርቷል። አዲስ አበባ ተሰባስበው ሲጠብቁ የነበሩት ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። አያቴ የሰማችው በሬዲዮ ነው። «ምነው ሳይሰናበቱን» አለች ይባላል። የምን ስንብት ነው፣ እኛ መቼ ጠርተናቸው እናውቃለን? ይህን ግን ለእሷ አላልኳትም።

ባለፈው ወር እንግዳ ይዤ ወለቃ ሄድኩ። አሁን የሚሸጡት ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ኮከብ ያለባቸው ትንንሽ አንበሶች፣ ቄሶች፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ተደርድረዋል። አንዷን ከማን ተማርሽ አልኳት። እናቷ ከጎረቤቷ እንደተማረች ነገረችኝ። ጎረቤትየዋ ልትሄድ ስትነሳ ሸክላ የምታለሰልስበትን ድንጋይ ለእናቷ ትታላት ሄዳለች።

አሳየችኝ። ከእንቁላል ያነሰ ጥቁር ጠጠር ነው፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎኑ ጎድጉዷል። ጣቴን ሳስገባ ልክ ነው። ተቀበለችኝና ውሃ ነክራው ወደ ጀመረችው ጀበና አንገት ተመለሰች።