ከ38 ማይል ወደ 52፦ ካምፐር እየጎተቱ ዳገት መውጣት

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ዲለን ሐይቅ ወጣን። ከጆርጅታውን ጀምሮ እስከ አይሰንሃወር ዋሻ ያለውን ዳገት ኮሎራዶ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የፍጥነቱ መርፌ በሰዓት 52 ማይል ላይ ቆሞ ዋሻው አፍ ድረስ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ዳሽቦርዱን አየት አደረገችና «ዛሬ ፍሬቻ አላበራህም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ካምፐሩን (ከመኪና ኋላ የሚጎተተውን የመኝታ ተሳቢ) ከገዛን ወዲህ እዚያ ዳገት ላይ አራቱንም ፍሬቻ ሳላበራ የወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታዬን በውስጤ መያዝ አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ፒክአፕ ይዛችሁ ካምፐር ለመጎተት የምታስቡ ብዙ ናችሁና እኔ በሁለት ዓመት የተማርኩትን እናንተ በአንድ ሳምንት ጨርሱት።

መኪናዬ የ2011 ሲልቨራዶ 1500 ነው። 5.3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4 በ 4። ከፋብሪካ ሲወጣ 315 የፈረስ ጉልበት እና 335 ፓውንድ ጫማ ቶርክ (የማዞር ኃይል) አለው። ካምፐሩ 24 ጫማ ነው። ወረቀቱ ላይ ባዶ ክብደቱ 4,600 ፓውንድ ይላል። ግን ባዶ ካምፐር የሚጎትት ማነው? ፍራሹ፣ ጋዙ፣ ውሃው፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ ከሰሉ፣ ረከቦቱ ሳይቀር ገብቶ ትልልቅ መኪኖች የሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ሳወጣው 5,800 ሆነ። ሳትመዝኑ ምንም አታድርጉ። ሚዛኑ የአንድ ምሳ ዋጋ አያወጣም።

በ2022 ሰመር መጀመሪያ የወጣን ቀን 38 ማይል ላይ ወረድኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ብዛት አይረሳኝም። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹ ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 2 ይመላለሳል፣ ልጆቼ ከኋላ ዝም ብለዋል። የዚያን ቀን ማታ ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ በስልኬ «የሞተር ጉልበት መጨመሪያ» እያልኩ ስፈልግ አመሸሁ። ስህተቴ የጀመረው እዚያ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት በአጭሩ ልለፈው። ካንዴላ ቀየርኩ። 100,000 ማይል አልፎት ስለነበር መቀየሩ ግድ ነበር፤ ሞተሩም ለስለስ አለ። ማርሚታውን ቀየርኩ። ድምፁ ወፈረ፣ ጉልበቱ ያው ነው። በዘይት የሚነከር የአየር ፊልትሮ ከነቱቦው ገዛሁ። 350 ዶላር። ሳጥኑ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ተጽፏል። ካጠብኩት በኋላ ዘይት አበዛሁበት መሰለኝ፣ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር በዘይት ተሸፈነና የሞተር መብራት በራ። መኪናው ዳገት ላይ ይደናቀፍ ጀመር። ለዚሁ የተሠራ የ10 ዶላር ስፕሬይ ነፋሁበት፣ አደረቅኩት፣ ዳነ። የፋብሪካውን የወረቀት ፊልትሮ መልሼ አስገባሁ። አሁንም ያለው እሱ ነው።

ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) አውጥተህ ጣለው የሚሏችሁን አትስሙ። በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ ዴንቨር አካባቢ ደግሞ የጭስ ምርመራውን አታልፉም። ከሁሉ በላይ ግን ዳገት ላይ የሚሰማችሁ ለውጥ ያን ያህል አይደለም።

ለምን ምንም እንዳልሠራ የገባኝ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ስሠራ ነው። ሞተር ነዳጅ ብቻ አያቃጥልም፣ አየርም ይፈልጋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። ስለዚህ ገና ከደጄ ስነሳ ከ315ቱ በእጄ ያለው 265 አካባቢ ነው። ዋሻው ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። እዚያ ስደርስ 210 ይቀረኛል። መቶውን ተራራው ወስዶብኝ እኔ በ350 ዶላር 15 ልመልስ ስታገል ነበር። (አዲስ አበባ ከዴንቨርም ከፍ ትላለች። እዚያ የነዳነው መኪና ሁሉ ጉልበቱ ጎድሎ ነው የኖረው፣ እኛ ግን ልዩነቱን አናውቀውም ነበር።)

ተርቦ ላስገጥም ወይስ መኪናውን ልሸጠው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ወዳጄ ኦሮራ ወዳለ ጋራዥ ወሰደኝ። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ያገራችን ሰው ናቸው። ችግሬን ዘርዝሬ፣ ተርቦ ስንት እንደሚፈጅ ጠየቅኳቸው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

«አንተ ልጅ፣ ሞተሩን ተወው። ኮሮናህ ስንት ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

ኮሮና ማለት በጎማዎቹ መሃል ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው፣ ፒኞን የምትባለው ትንሿ ጥርስ የምታዞረው፣ እሱ ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ ነው። ጋቢና ገቡና ከተሳፋሪው ፊት ያለችውን የዕቃ ሳጥን ከፈቱ። ውስጧ የተለጠፈች፣ በትንንሽ ኮዶች የተሞላች ነጭ ወረቀት አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የኢንሹራንስ ወረቀቴን እዚያ ሳስቀምጥ አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም። በጣታቸው ወረድ ወረድ አሉና «ጂዩ4» የምትለዋ ላይ ቆሙ። ይኸው በሽታህ አሉኝ።

ጂዩ4 ማለት ኮሮናው 3.08 ነው ማለት ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ 3.08 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሜዳ ላይ ባዶውን ለሚሄድ መኪና ይህ ጥሩ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል። ለሚጎትት ግን አይሆንም። ለመጎተት ተብለው የሚታዘዙት 3.42 ወይም 3.73 ናቸው፤ ኮዳቸው ጂዩ6 እና ጂቲ4 ነው። በዚያ ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለውበት ብሎ 33 ኢንች ጎማ አስገጥሞበታል። ጎማ ሲያድግ ማርሹ ይረዝማል፤ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የመጎተት ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ጋሼ እዚያው ካርቶን ላይ አስልተው፣ የእኔ 3.08 በዚያ ጎማ 2.98 ያህል እንደሚሆን አሳዩኝ። ፍጥነት ማሳያውም እስከዚያ ቀን ድረስ በ3 በመቶ አካባቢ ሲያሳንስብኝ ኖሯል።

ይህን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። የኔ ሞተር ከፍተኛ ቶርኩን የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ነው። በ2ኛ ማርሽ 45 ማይል ስሄድ በድሮው ኮሮና 3,400 ዙር ገደማ ላይ ነበርኩ። ወደ 3ኛ ሲያልፍ 2,200 ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ደግሞ ምንም የለም። ለዚህ ነው ከ2 ወደ 3 ሲንገላታ የነበረው። ኮሮናው 3.73 ሲሆን ያው 2ኛ ማርሽ፣ ያው 45 ማይል፣ 4,100 ዙር ይሆናል። ሞተሩ ላይ አንዲት ብሎን ሳይነካ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል በ21 በመቶ ያድጋል። ስንት ፊልትሮ ተገዝቶ ነው 21 በመቶ የሚገኘው?

ዋጋው 2,650 ዶላር ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። የኋላውን ብቻ ቀይሩልኝ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። መኪናው 4 በ 4 ነው፤ የፊቱ 3.08፣ የኋላው 3.73 ሆኖ በረዶ ላይ 4 በ 4 ባስገባ የፊትና የኋላ ጎማዎች የተለያየ ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ መሃል ያለው የማርሽ ሳጥን ይሰበራል። «በግማሽ ገንዘብ ካምቢዮህን ልስበርልህ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሁለቱንም አስቀየርኩ።

ሥራው ሲሠራ ቆሜ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። ፒኞኑን ካስገቡ በኋላ የኮሮናው ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት በብሩሽ ቀቡ። በእጃቸው ወደፊትም ወደ ኋላም አዞሩት። ፒኞኑ ነክቶ ያለፈበት ቦታ ላይ ቅባቱ ተገፍቶ የምስር ክክ የምታህል ምልክት ቀረች። ምልክቷ ከጥርሱ መሃል መዋል አለባት። የመጀመሪያዋ ወደ ጫፍ ወጣች። ፈቱት። ከፒኞኑ ሥር ወረቀት የምታህል ስስ ቀለበት ጨመሩ፣ ገጠሙት፣ ቀቡት፣ አዞሩት። አራት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። ከዚያ ጥርስና ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በመለኪያ ያዙ፤ ከአንድ ኢንች ሺኛ ከ6 እስከ 10 ባለው ውስጥ መግባት አለበት። የእኔ 8 ላይ ተቀመጠ። «አሁን አይጮኽም» አሉና እጃቸውን ጠረጉ። ይህን ሥራ በርካሽ እሠራለሁ ለሚል ሰው አትስጡ። ፊልትሮ ቤታችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ኮሮና ግን ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

ከተቀየረ በኋላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኮሮናው እስኪላመድ 500 ማይል ምንም መጎተት የለም። መጀመሪያ ላይ አጭር አጭር መንገድ ይነዳል፣ እንዲቀዘቅዝ ይቆማል፣ ከዚያ የኮሮናው ዘይት ይቀየራል። እኔ ቸኩዬ በ300 ማይል ካምፐሩን ልሰካ ነበር፤ ባለቤቴ ናት ቁልፉን የወሰደችብኝ። ሁለተኛ፣ ለመኪናው ኮምፒውተር አዲሱ ኮሮናና የጎማው መጠን ሊነገረው ይገባል። ካልተነገረው 60 እየሄዳችሁ 70 ያሳያል፣ ማርሹንም ያለ ቦታው ይቀያይራል። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክለውን ሰው እስካገኝ ሁለት ሳምንት እንዲሁ ስነዳ ቆየሁ።

ባዶውን ሀይዌይ ላይ በጋሎን 18 ማይል የነበረው ወደ 17 ወርዷል። ካምፐር ስጎትት ግን ድሮም 9፣ አሁንም 9 ነው።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወደው ግን 30 ዶላር የገዛሁት፣ መሪው ሥር የሚሰካው የኦቢዲ አንባቢ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ዕቃ) ነው። ከስልኬ ጋር ይገናኝና የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ያሳየኛል። ድሮ በዚያ ዳገት ሙቀቱ 238 ፋራናይት ደርሶ አይቻለሁ። 200 አካባቢ ሲሆን ሰላም ነው፣ 230 ሲያልፍ ዘይቱ መጎዳት ይጀምራል። ካምቢዮ የሚገድለው ሙቀት ነው። ራዲያተሩ ፊት ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ አስገጠምኩ፣ ማርሹም አሁን ስለማይንገላታ ባለፈው ቅዳሜ 204 ላይ ቆመ። ገንዘብ የለኝም ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን አንባቢ ግዙ።

ቤንዚንም አለ። እዚህ ኮሎራዶ «ሬጉላር» ተብሎ የሚሸጠው 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚቋቋምበት መጠን) ነው። የመኪናዬ መመሪያ 87 ይላል። ለዓመታት 85 ስቀዳ ኖሬያለሁ። ጭነት ሲበዛ ሞተሩ ውስጥ ማንኳኳት ይመጣና ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ካምፐር በምጎትትበት ቀን አሁን ከ87 በታች አልቀዳም።

ጉልበት ጉልበት እያልን ቁልቁለቱን እንዳንረሳ። ከዋሻው ወደ ዲለን ያለው መውረጃ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ ፍሬን እምቢ ላላቸው ትልልቅ መኪኖች ማምለጫ መንገድ የተሠራለት ቁልቁለት ነው። አባቴ በአሰብ መስመር ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ነድቷል። ጣርማበርን ሲያነሳ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። እኔም የመጎተቻውን ቁልፍ ተጭኜ፣ 2ኛ ላይ አስይዤ በሞተሩ እወርዳለሁ። ፍሬን ጠበቅ አድርጌ እይዝና እለቃለሁ እንጂ እግሬን አላሳርፍበትም። የካምፐሩ የራሱ ፍሬን መሥራቱን ከቤት ሳልወጣ ቀስ ብዬ እየነዳሁ እሞክረዋለሁ። አዲሱ ኮሮና እዚህም ጠቅሞኛል፣ ሞተሩ መኪናውን ከድሮው በተሻለ ይይዘዋል።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። የሾፌሩ በር ላይ ያለው ወረቀት መኪናው ሰውና ዕቃ ተደምሮ 1,560 ፓውንድ ይሸከማል ይላል። ካምፐሩ መንጠቆው ላይ የሚጥለው 740 ነው። እኛ አምስታችን 620። ከኋላ የምጭነው 300። ደምሩት፣ 1,660 ይመጣል። 100 ፓውንድ አልፌ ሁለት ሰመር ነድቻለሁ። ኮሮና ይህን አይፈታም፣ ተርቦም አይፈታውም። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃውን እዚያው ሄደን እንሙላ ስትለኝ ነበር። የካምፐሩ ታንከር 40 ጋሎን ይይዛል፣ የአንዱ ጋሎን ክብደት 8.3 ፓውንድ ነው፣ 332 ፓውንድ ማለት ነው። ታንከሩ ደግሞ ከካምፐሩ ጎማዎች ወደ ፊት፣ በመንጠቆው በኩል ስለሆነ የክብደቱ ከፊል የሚያርፈው መንጠቆው ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባዶውን ወጣን። ጄኔሬተሩንም ቤት ትተነው ሄድን። ቡናው በከሰል ተፈላ፣ ውሃውን ከካምፑ ቧንቧ ቀዳን። ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት መልሼ ሚዛን ላይ አወጣውና ቁጥሩን እነግራችኋለሁ።