9.2 ያመጣው ሆቴል ደጅ ላይ

ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ። የጀርመን ባቡር ሰዓት አያዛንፍም ያሉኝን ሁሉ በልቤ እየረገምኩ ወረድኩ። ሆቴሉ ጋ ስደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። በሩ ተቆልፏል። ብደውል፣ ባንኳኳ መልስ የለም።

ሆቴሉን የመረጥኩት ስልኬ ላይ የእንግዶችን አስተያየት አይቼ ነው። ከ10 9.2 አምጥቷል። «ሰዎቹ ደግ ናቸው»፣ «ቤቴ ያለሁ መሰለኝ» ይላል ሁሉም። ሪሴፕሽኑ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ምን በወጣው? ሁሉም በቀን ነው የገባው።

ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወርደው ከፈቱልኝ። ደጋግመው ይቅርታ ሲጠይቁኝ እኔው አፈርኩ። ደግነቱስ እውነት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ያለው አንድ መብራት ነው፤ ማጥፊያው ደግሞ በሩ ጋ። አጥፍቼ በዳበሳ ወደ አልጋው ስሄድ የእግሬን አውራ ጣት ከአልጋው ብረት ጋር አላተምኩት። ኮከብ አየሁ። ሆቴሉ ያልነበረውን ኮከብ ማለቴ ነው።

ኮከብ አለመኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ኮከብ መውሰድ በፈቃደኝነት ነው። የሚሰጠውም ዴሆጋ የሚባለው የሆቴልና ሬስቶራንት ማኅበር ነው። መስፈርቱ የጋራ ነው፤ የሰባት የአውሮፓ አገሮች የሆቴል ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2009 ሆቴልስታርስ ዩኒየንን መሥርተው የተስማሙበት።

በማግስቱ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ገባሁ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ፈገግታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ራስጌዬ ላይ ግን የማንበቢያ መብራት አለ። እንደ ልጅ ሦስት አራት ጊዜ አበራሁት፣ አጠፋሁት። በኋላ መስፈርቱን ሳይ ይህ መብራት ከባለ ሁለት ኮከብ ጀምሮ ግዴታ ነው። ባለ አምስት ኮከብ ከሆነ ደግሞ ሪሴፕሽኑ 24 ሰዓት ሰው አይለየውም። ለካ እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ የተማርኩትን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቀድሞ ይጠይቅልኛል። ኮከቡም አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም፤ በሦስት ዓመቱ እንደገና ይታያል።

ፈገግታን ግን ይህ ወረቀት አይቆጥርም። ለዚያ ፎርብስ ትራቭል ጋይድን የመሳሰሉ ሆቴል መዛኞች አሉ። ፎርብስ ሞቢል በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1958 የጀመረ ነው። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው እንደ ማንኛውም እንግዳ ያድራሉ፤ አቀባበሉን፣ ስልክ አነሳሱን ሳይቀር ይመዝናሉ። ዱባይ ያለው ቡርጅ አል አረብ «ባለ ሰባት ኮከብ» ሲባል የምትሰሙት ግን የወሬ ኮከብ ነው። በይፋ ባለ አምስት ነው።

ቀጣዩ ጉዞዬ ፈረንሳይ ነበር። እዚያ መስፈርቱ ሌላ ነው፤ ኮከቡ የሚያገለግለውም አምስት ዓመት። ስለዚህ የጀርመኑን ሂሳብ ይዤ አልሄድኩም። መጀመሪያ ኮከቡን አየሁ፣ ቀጥሎ አስተያየቱን አነበብኩ። ከዚያ ስልክ መታሁ።

«ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብመጣ የሚከፍትልኝ አለ?»

«አለ» አሉኝ።

ባቡሩ በሰዓቱ ደረሰ።