ላምዳን በላፕቶፕ፦ ከ4 ኪሎ

የማስተርስ ጽሑፌን በሃይፐርኒውክለስ ላይ እሠራለሁ ስል ብዙ ሰው «ማሽኑን ከየት ልታመጪ?» አለኝ። ሥራው ቲዎሪ ነው፤ 4 ኪሎ ግቢ ተቀምጬ በአንድ ላፕቶፕ ጀመርኩት።

ሃይፐርኒውክለስ ማለት ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ጋር ላምዳ የተባለ ቅንጣት የገባበት ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ነው። ላምዳ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሌላቸው ስትሬንጅ ኳርክ የሚባል መሥሪያ ቅንጣት አለው፤ ከኒውትሮንም ከበድ ይላል። የመጀመሪያውን ያገኙት ዳኒሽና ፕኒየቭስኪ የተባሉ ፖላንዳውያን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1952።

አማካሪዬ «የኃይሎቹን ዝርዝር ለጊዜው ተዪው። አንድ ላምዳ፣ አንድ ጉድጓድ ይበቃሻል» አሉኝ። ጉድጓድ ማለት የቀረው ኒውክለስ ላምዳውን የሚይዝበት የኢነርጂ ቅርጽ ነው፤ የእኔው ጠርዙ ለስላሳ የሆነው፣ ዉድስ-ሳክሰን የሚባለው ነው። ጥልቀቱን 30 ሜጋኤሌክትሮንቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው) አደረግሁ። ከዚያ የላምዳውን ሞገድ የሚሰጠውን የሽሮዲንገርን እኩልታ ደረጃ በደረጃ በሚፈታው በኑሜሮቭ ዘዴ፣ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩ። ኢነርጂውን ትገምቱና ከመሃል ወደ ውጭ ታሰላላችሁ። ለታችኛው የኢነርጂ እርከን ግምታችሁ ከፍ ካለ የሞገዱ ኩርባ ጫፉ ላይ ዜሮን አልፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዝቅ ካለ ሽቅብ ይተኮሳል። ግራና ቀኙን እያጠበባችሁ ስትመጡ ድንገት ዜሮ ላይ ልስልስ ብሎ ይተኛል። ያንን ማየት እንዴት ደስ ይላል! ስሌቱ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው፤ መብራት ቢሄድም ባትሪው ያደርሳችኋል።

ለሊድ (ለእርሳስ) ኒውክለስ ያገኘሁት የላምዳው መታሰሪያ ኢነርጂ ጃፓን ውስጥ ከተለካው፣ ከ26 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ከፍ ከሚለው፣ ብዙም አልራቀም። ላምዳ ያን ያህል ጠልቆ የሚታሰረው ፕሮቶንና ኒውትሮን የያዙት ቦታ ስለማይከለከልበት ነው። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ አለ፦ ጥልቀቱን ለየኒውክለሱ አትቀያይሩ። እየቀያየሩ ማስማማት ማንም ይችላል፤ ስለ ላምዳ ግን ምንም አይነግራችሁም።

ቀላሎቹ ኒውክለሶች ዘንድ ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ፕሮቶን፣ ሁለት ኒውትሮንና አንድ ላምዳ ባለው ሄሊየም ውስጥ ላምዳው የታሰረው በ3.12 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ነው። ከእሱ ያነሱትን ሃይፐርኒውክለሶች በትክክል የሚሰጥ ቀላል የሁለትዮሽ ኃይል (በሁለት ቅንጣቶች መካከል ብቻ የሚሠራ) ይህንን ከመጠን በላይ ያስረዋል። ቀላሉ ኃይል የሚዘለው ነገር አለ፦ ላምዳ አይሶስፒን (ፕሮቶንን ከኒውትሮን የሚለየው የኳንተም ባሕርይ) ስለሌለው ከኒውትሮን ጋር አንድ ፓዮን፣ ማለትም አንድ ኃይል አስተላላፊ ቅንጣት፣ ብቻ መለዋወጥ አይችልም። ለአፍታ ሲግማ የተባለ ዘመዱ ቅንጣት ሆኖ ይመለሳል። ሲግማ በክብደት ላምዳን የሚበልጠው በ80 ሜጋኤሌክትሮንቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ ችላ አይባልም፤ አጠገቡ ሌላ ኒውትሮን ካለ ደግሞ ሦስቱን በአንድ ላይ የሚነካ የሦስትዮሽ ኃይል ይወልዳል።

የኒውትሮን ኮከብ እምብርትም እዚሁ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሏል። ላምዳ ሲገባ የኮከቡ ቁስ ይለሰልሳል፣ ክብደትም የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ሆኖም የፀሐይን እጥፍ ያህል የሚመዝን ኮከብ እ.ኤ.አ. በ2010 ተለክቷል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው የሦስትዮሹ ግፊያ ሊሆን ይችላል። አሁን ኮዱ ላይ ሲግማን እየጨመርኩ ነው፤ አንዱ እኩልታ ሁለት የተሳሰሩ እኩልታዎች ሆኗል።