የፍልሰታ ማታ በዳቶንግ

ዳቶንግ በሰሜን ቻይና፣ በሻንሺ ክፍለ ሀገር ያለ፣ በበግ ሥጋ የታወቀ ከተማ ነው፤ እኔ የሄድኩት በፍልሰታ። ቤጂንግ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች የበግ ሆድ ዕቃ ሾርባውን፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለውን ሻውማይ እየቆጠሩ «ሌላ ጊዜ ብትሄድ አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። ዕረፍቴ ግን ያኔ ነው፤ በፈጣኑ ባቡር ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ቀን ቀን የዩንጋንግን ዋሻዎች አየሁ። እ.ኤ.አ. ከ460 ገደማ ጀምሮ፣ ከተማው የሰሜን ዌይ የተባለው የጥንት ቻይና ሥርወ መንግሥት መናገሻ ሳለ፣ ከአለት የተፈለፈሉ ከ51 ሺህ በላይ ምስሎች አሉባቸው። ስለ እነሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። አሁን መጻፍ የምፈልገው ስለ ማታው ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አሮጌው ከተማ ጭር ይላል። ከግንቡ ሥር እናቶች በድምፅ ማጉያ ዘፈን ከፍተው በሰልፍ ይጨፍራሉ፤ ትንሽ ቆይተው እሱንም ዘግተው ይበተናሉ። ግንቡ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ እንደ አዲስ የታነጸ ስለሆነ የሚንቁት አሉ። እኔ ግን መብራቱ በርቶበት፣ ማንም በሌለበት፣ በዚያ የነሐሴ ብርድ ሥሩ መሄድ ወድጄዋለሁ። በፍልሰታ እናቴ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ከመጣሁ ጀምሮ ያን ዝምታ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ምግብ ቤቷን ያገኘኋት በመጀመሪያው ማታ ነው፤ አምስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት። ባለቤቷን እንደ ሁሉም ሰው «አዪ» አልኳቸው፤ በእኛ እትዬ እንደማለት ነው። «ዎ ቺ ሱ» አልኩ፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ቡድሂስቶች ከሥጋ ሲከለከሉ የሚሉት ነው። ዕንቁላልም ወተትም እንደማልበላ ስጨምርላቸው «እስከ መቼ?» አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጓዳ ገቡ።

መጀመሪያ የሁንዩዋን ወረዳ ሊያንግፈን መጣ፤ ከድንች ስታርች የሚሠራ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በሚጥሚጣ ዘይትና በተጠበሰ ባቄላ የተሸፈነ። በማግሥቱ ዮውሚያን የሚሉትን የአጃ ሊጥ ምግብ ሠሩልኝ። አጃውን መጀመሪያ ይቆሉታል፣ ከዚያ ይፈጩታል፤ ልክ እንደ በሶ። በፈላ ውኃ ካቦኩት በኋላ ቁራጩን ድንጋይ ላይ በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ያሳሱትና በጣታቸው ይጠቀልሉታል። ጥቅልሎቹን የእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ አጠጋግተው ሲያቆሟቸው የማር እንጀራ ይመስላሉ። ክዳኑ ሲነሣ የወጣው ሽታ በሶ ሲቆላ የሚሸተው ነበር። ለትንሽ ጊዜ መብላት አቃተኝ።

በሦስተኛው ማታ ዳውሻውሚያን፤ በስለት እየተላጠ የሚቀቀል ሚያን፣ ማለትም እንደ ፓስታ ያለ የሊጥ ምግብ። የአዪ ባል የሊጡን ጉማጅ በግራ ክንዳቸው ይዘው፣ እጀታ በሌለው ጎባጣ ብረት እየላጩ በቀጥታ ወደሚፈላው ድስት ይወረውሩታል። እያንዳንዱ ልጥ እንደ ቅጠል ነው፤ መሐሉ ወፍራም፣ ጠርዙ ስስ። ሌላው ሰው በአሳማ ሥጋ ሲበላው ለእኔ በቶፉና በእንጉዳይ አድርገውልኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰል ማዕድን ውስጥ እንደሠሩ ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወሩም። የኮምጣጤውን ጠርሙስ ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከማሽላ የሚሠራው የሻንሺ ኮምጣጤ ጥቁር ነው፤ ጎምዛዛነቱ ምላስ ላይ ቆይቶ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። ያለ እሱ ሚያኑ ጎዶሎ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዪ ሚያኑ የተቀቀለበትን ውኃ በሳህን አመጡልኝ፤ ከምግቡ በኋላ የሚጠጣ ነው፣ አይከፈልበትም። እየጠጣሁ ሳለሁ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ገለበጧቸው፤ የእኔንና የሽማግሌውን ተዉልን።

«ጾሙ ሲያልቅ ተመለስ፣ ልጄ» አሉኝ። «የበግ ሾርባውን ማለዳ ነው የምናወጣው።»

ከዚያ የበሩን መብራት አጠፉ።