ያ የእኔ እጅ አይደለም

አሮስቲቺኒ የሚባለውን፣ ስንጥር ላይ የሚሰካ የበግ ጥብስ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው በእጅ የተሠራውን በሳጥን ከተሠራው ለመለየት መቅመስ አያስፈልገውም፤ ማየት ይበቃዋል። በእጅ ሲሠራ አንዱ ቁራጭ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ይላል፤ በየመሀሉ ጮማ ይሰካል፤ ፍሙ ላይ ሲወጣ ያ ጮማ እየቀለጠ ቀዩን ሥጋ ያርሰዋል። በሳጥን ሲሆን ሥጋው ተነባብሮ ይታጨቃል፣ በክዳኑ ቀዳዳዎች የቀርከሃ ስንጥር ይወጋል፣ ረጅም ቢላዋ በጎንና በጎን ስንጥቆች ይወርዳል፤ ሲከፈት መቶ ስንጥር አንድ ላይ ይወጣል። ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም እኩል። ሳጥኑ ነውር የለበትም፣ እኛም እንሠራበት ነበር። ነውሩ ከሳጥን የወጣውን «የእጅ ነው» ብሎ መሸጥ ነው።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን፣ አብሩዞ በሚባል ክልል ውስጥ፣ በፔስካራ ግዛት፣ ከግራን ሳሶ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ መንደር ነው። በዚያ አገር ድሮ ኑሮው በግ ነበር። መኸር ሲገባ እረኞቹ መንጋቸውን ከተራራው አውርደው ወደ ፑልያ ሜዳ ይነዱ ነበር። ከላኩይላ እስከ ፎጃ የሚደርሰው የበግ መንገድ ብቻ 244 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ከብት ይዞ የመውረድና የመውጣት ልማድ ዩኔስኮ በ2019 መዝግቦታል። አሮስቲቺኒም የእረኛ ምግብ ነው፦ የበግ ወይም የሙክት ሥጋ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ስንጥር ላይ ተሰክቶ፣ እንደ ቦይ ጠባብ በሆነ ረጅም ምድጃ ላይ ይጠበሳል። ምድጃው የሚጠበው ሥጋው ፍሙ ላይ ሆኖ እንጨቱ ውጭ እንዲቀር ነው። ጨው የሚነሰነሰው ሊበስል ሲል ብቻ ነው፤ ቀድሞ የጨመረ ጠባሽ ሥጋውን ያደርቀዋል።

በኦገስት አጋማሽ ፕሮ ሎኮ የሚባለው የመንደሩ ማኅበር በዓሉን ያዘጋጃል። አደባባዩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ እናቶች ካሸር ይቀመጣሉ፣ ልጆች ትሪ ያመላልሳሉ፣ አኮርዲዮን ይሰማል፣ ወደ ሮምና ወደ ፔስካራ የሄዱ ልጆች ሁሉ ይመለሳሉ። ሰው ሲያዝ በዐሥር በዐሥር ነው፤ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ዘይት ከፈሰሰበት ዳቦና ከሞንቴፑልቻኖ ወይን ጋር ይቀርባል። ማንም ደመወዝ አይከፈለውም። ትርፉ ለመንደሩ ነው። የሚከፈለን እኛ ብቻ ነበርን፤ ሥጋውን ያቀረበው የምሠራበት ሥጋ ቤት ነውና።

እኔ ምድጃው ላይ ነበርኩ። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ አልቀምስም። ጠባሽ ሳይቀምስ እንዴት ይሠራል የሚል ካለ፣ ይሠራል፤ ጮማው ሲንጫጫ ድምፁ ይለያል፣ ሥጋው ሲደርስ ጠርዙ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ምሽት ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ በእጄ የቆረጥኩት ነበር፤ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አለቀ። በዚያ ምሽት ሽማግሌዎች እስከ ምድጃው መጥተው ትከሻዬን እየመቱ ሄደዋል። ያንን እስካሁን አልረሳም።

በማግስቱ ፌራጎስቶ ነበር፤ ለእነሱ የእመቤታችን ዕርገት፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9። ሰው ከመጀመሪያው ምሽት እጅግ በለጠ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ማቀዝቀዣ መኪና ይዞ መጣና ካርቶን ማውረድ ጀመረ። ከፈረንሳይ የመጣ፣ በሳጥን የተሠራ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሥጋ። በረዶ የሆነ ሥጋ መሸጥ አልተከለከለም፤ ግን ጣሊያን ውስጥ ከምግቡ ስም አጠገብ የኮከብ ምልክት ይደረግና ከታች ይብራራል። ሰሌዳችን ላይ የነበረው «በእጅ የተሠራ» የሚለው ብቻ ነው። «ኮከቧን ልጨምር?» አልኩት። «ተወው፣ ዛሬ ማን ሰሌዳ ያነባል» አለኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ካሸር የነበሩት አሮጊት አንድ ጥቅል ይዘው መጡ። አባታቸው እረኛ ነበሩ፤ መንደሩ ውስጥ ሁሉም «ሲኞራ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። ጥቅሉን ምድጃው ጠርዝ ላይ ከፍተው አንዲት ስንጥር አነሡና ወደ አምፖሉ አስጠግተው አዟዟሯት። ከዚያ አንዷን ቁራጭ በጥርሳቸው ስበው አኘኩ፤ ቀስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ።

«ይህን ማን ቆረጠው?» አሉ።

ባለቤቱ ከኋላዬ ነበር። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «እሱ ነዋ! ትናንትም እሱ ነው የቆረጠው። ምን ላድርግ ሲኞራ፣ የእሱ አገር ልጆች ገና እጃቸው አልለመደም» አላቸው።

ደሜ ፈላ። ስለ ኮከቧ አልነበረም፤ ስለ ካርቶኑም አልነበረም። ሌሊቱን የቆምኩበት ሥራ፣ ሽማግሌዎቹ ያመሰገኑት እጅ፣ ለሌላ ሰው በረዶ መሸፈኛ ሆነ። ደግሞም «የእሱ አገር ልጆች» ሲል እኔን ብቻ አይደለም የነካው፤ በየሥጋ ቤቱ፣ በየወጥ ቤቱ ጓዳ ቆሞ የሚሠራውን አበሻ ሁሉ ነው።

«ሲኞራ» አልኳቸው፤ «የእኔ እጅ ይህን ያህል እኩል አድርጎ መቁረጥ አይችልም። የማንም ሰው እጅ አይችልም።»

ባለቤቱ ሳቀ። «ሥጋውን እንኳ አይቀምሰውም እኮ! እየጾመ ነው፤ በምን ያውቃል?»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ጾም ነው የምትጾመው፣ ልጄ?»

«የእመቤታችን ነው፤ የዕርገቷ። እስከ ኦገስት 21 እንጾማለን።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እኛ ለእሷ ብለን እንበላለን፣ አንተ ለእሷ ብለህ ትጾማለህ» አሉና ወደ ባለቤቱ ዞሩ። «ይህ ልጅ በእሷ ጾም አይዋሸኝም። አንተስ?»

መልስ አልሰጠም። እሳቸውም አልጠበቁትም። እርጥብ ጨርቅ አንሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ፣ «በእጅ የተሠራ» የሚለውን አጠፉ፣ ከአሮስቲቺኒው አጠገብ ትልቅ ኮከብ በጠመኔ ሣሉ፣ ከሥሩም «በረዶ የነበረ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ተመልሰው ካሸራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሰልፉም ቀጠለ።

አዎ፣ ሰልፉ ቀጠለ። አንድም ሰው ትቶ አልሄደም። ሰሌዳውን አንብቦ ዐሥር ያዘዘ አለ፣ ሠላሳ ያዘዘ አለ። ሌሊት ምድጃውን ስናጥብ ባለቤቱ «አየህ? ለማንም ግድ አልሰጠውም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ይህ ለእሱ ማስረጃ የሚሆን አይመስለኝም። ሰው በረዶም ቢሆን ይገዛ ከነበረ መዋሸቱ ለምን አስፈለገ? የሰው እጅ ማጉደፉስ? በትክክል ጽፎ ያንኑ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ይህን ነገርኩት፤ አልመለሰልኝም።

ሮም ያሉ ጓደኞቼ ሲሰሙ ተከፋፈሉ። አንዱ «በሰው አገር እንጀራህን ይዘህ ዝም ማለት ነው» አለኝ። ምክሩን አልናቅሁትም፤ እሱም ብዙ ዓመት የቤተሰብ ሸክም ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው፤ ዝም ያለባቸው ጊዜያት ልጆቹን አሳድገውለታል። ስለ ዕቃው ብዙ ነገር ዝም ሊባል ይችላል፤ ዕቃው የባለቤቱ ነው። እጄ ግን የእኔ ነው። የሠራሁትን ይውሰዱት፣ ያልሠራሁትን ግን በስሜ አይሽጡት።

ከዚያ በኋላ ቢላዋ አልሰጠኝም፤ ከጓሮ ሳጥን ሞልቶ መቁረጥ ብቻ ሆነ ሥራዬ። መስከረም ሳይጠባ ለቀቅኩ። አሁን ያለሁበት ሥጋ ቤት ሁለቱንም ይሸጣል፤ የሳጥኑ ረከስ፣ የእጁ ወደድ ይላል፣ በሁለቱም ላይ ምን እንደሆነ ተጽፏል። ቅዳሜ ጠዋት የእጁ ቀድሞ ያልቃል። ማን እንደቆረጠው የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ባለቤቷ ትጠራኛለች፤ ሽርጤን እንዳደረግኩ ወጥቼ እኔው እመልሳለሁ።